ባሕር ዳር ላይ የቤት ግድግዳ፦ ጭቃ፣ ብሎኬት ወይስ ድንጋይ?

ቦታው ተገኝቷል፣ ካርታው እጅ ገብቷል፣ ጥቂት ብርም ተቋጥሯል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፤ ግድግዳው በምን ይሠራ? ግንበኛ ብትጠይቁ "ብሎኬት ነው የሚያዋጣው" ይላችኋል። አናጺ ብትጠይቁ "በዚህ የሲሚንቶ ዋጋ? እንጨትና ጭቃ ምን አለው!" ይላል። ዘመድ ደግሞ ወይ የራሱን ቤት ያወድሳል፣ ወይ የራሱን ቤት ያማርራል። ሁሉም በከፊል ልክ ናቸው። ችግሩ አንዳቸውም የእናንተን መሬት ሳያዩ መናገራቸው ነው።

ይህ መመሪያ ለባሕር ዳርና ለጣና ዙሪያ ነው። ዋጋ በብር አልጠቅስም። ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ለከርሞ ሰው ያሳስታል። በምትኩ መጠን እሰጣለሁ፤ በሰፈራችሁ ዋጋ ማባዛት የእናንተ ድርሻ ነው። የዕቃ ስምና የፋብሪካ ማስታወቂያም እዚህ የለም።

## ከዕቃው በፊት መመዘኛው

መጀመሪያ መሬቱ። በከተማዋ ብዙ ሰፈር ከሥር ያለው ዋልካ ነው፤ ጥቁሩ የሚያጣብቅ አፈር። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ከላይ ያለው ግድግዳ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ መሬቱ ከሥሩ ሲነሳና ሲወርድ በመስኮትና በበር ጥግ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ያወጣል። ወደ ሐይቁ በቀረባችሁ ቁጥር ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ይሆናል። መሠረት ሲቆፈር ውሃ የሚያቋጥር ቦታ አለ። ስለዚህ ከምንም በፊት አንድ ጉድጓድ አስቆፍሩ። አንድ ሜትር ተኩል ይበቃል። አፈሩ ጥቁርና የሚያጣብቅ ነው? ቀይ ነው? ድንጋይ ተገኘ? ውሃ አለ? ፎቅ ለማውጣት ካሰባችሁ ግን በዓይን ማየት አይበቃም፤ የአፈር ምርመራ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ ዝናቡ። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ያ ማለት ግድግዳችሁ ለወራት ሳይደርቅ ይከርማል።

ሦስተኛ ሙቀቱ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን ቀትር የኖረበት ያውቀዋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ቀጭን ግድግዳ ቤቱን ያፍነዋል።

ከዚያ የኪስ ጉዳይ ይመጣል። ጥያቄው "ስንት ብር አለኝ?" ብቻ አይደለም። "ብሩ በአንዴ ነው ያለኝ ወይስ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ የሚመጣ?" የሚለው ነው። በዙር ለሚሠራ ሰው በግማሽ ቆሞ ዓመት ሊጠብቅ የሚችል ግድግዳ ያስፈልገዋል። በመጨረሻም ነገ ፎቅ ይወጣል ወይ? ጥገናውን በቤተሰብ እንሠራዋለን ወይስ ባለሙያ እንጠራለን? የሚለው አለ።

ፈቃድን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የትኛው ሰፈር ምን ዓይነት ግንባታ እንደሚፈቀድለት በክፍለ ከተማችሁ ጠይቁ። መሐል ከተማ ላይ ጭቃ ቤት አቅዶ ፕላኑ ሲመለስበት የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። ሐይቁ ዳር ያለ ቦታ ከሆነ ደግሞ ከዳርቻው ስንት ሜትር መራቅ እንዳለባችሁ ሳታረጋግጡ አንድ ድንጋይ አታስወርዱ።

## ግድግዳ የሚበላሸው ከእግሩ ነው

ሰው ጭቃና ብሎኬት እያለ ሲከራከር የሚረሳው ይህንን ነው። የባሕር ዳርን ግድግዳዎች ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ቀለሙ የተነሳው የት ነው? ልስኑ የተፈረፈረው የት ነው? እንጨቱ በምስጥ የተበላው የት ነው? አብዛኛውን ጊዜ ከወለል እስከ ጉልበት ያለው ክፍል ነው። ጭቃም ይሁን ብሎኬት፣ ታሪኩ አንድ ነው።

ውሃው በሦስት መንገድ ይመጣል። ከመሬት ወደ ላይ እየተሳበ ይወጣል። ከጣሪያ ወርዶ መሬት ላይ ሲያርፍ ተፈናጥቆ ግድግዳውን ይመታል። ጠፍጣፋ ግቢ ውስጥ ደግሞ ተጠራቅሞ መሠረቱ ሥር ይተኛል። ሦስቱንም የሚከለክል እግር የሌለው ግድግዳ በምንም ቢሠራ ዕድሜው ያጥራል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ከግድግዳው ዕቃ ቆጥባችሁ እግሩ ላይ ጨምሩ። ዋልካ ከሆነ እስከ ጠንካራው መሬት ድረስ ተቆፍሮ ይውጣ። ጥልቅ ከሆነ ደግሞ የተወሰነው ወጥቶ በሰሌክት (በማያብጥ የተመረጠ አፈር) ይሞላ። ሰሌክቱም በአንድ ጊዜ ተደፍቶ ሳይሆን ሃያ ሃያ ሳንቲ ሜትር እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ፣ እየተጠቀጠቀ ነው የሚሞላው። በላዩ የድንጋይ መሠረት ይሠራል። ብሎኬት ከሆነ የመሠረቱ ራስ ላይ ግሬድ ቢም፣ ማለትም በብረት የታሰረ የአርማታ ቀበቶ፣ ይዞራል። የወለሉ ከፍታ ከግቢው ቢያንስ 40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይነሳ። በመሠረቱና በግድግዳው መካከል ውሃ የማያሳልፍ ነገር ይግባ፤ ወፍራም ላስቲክ ወይም ሬንጅ። ይህ በጣም ርካሹ ሥራ ነው፤ በብዛት የሚዘለለውም ይኸው ነው። ግድግዳው ከቆመ በኋላ ላስገባ ቢባል ደግሞ የማይሆን ነገር ነው።

የጣሪያው ክንፍ 60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። አሸንዳ ይደረግለት። በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ወደ ውጭ ያጋደለ የሲሚንቶ ወይም የድንጋይ ንጣፍ ይዙር።

ይህ አዲስ ጥበብ እንዳይመስላችሁ። ዘጌ ያለውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ያውቀዋል። በሥዕል የተሸፈነው የመቅደሱ ግድግዳ የጭቃና የጭድ ሥራ ነው። ሥዕሉን ይዞ የኖረው በትልቅ ክብ ጣሪያ መሐል ስለቆመ ነው፤ ዝናብ አይደርስበትም፣ ፍንጣቂም አያየውም። ጭቃ ደካማ ነው የሚል ሰው እዚያ ሄዶ ይመልከት።

## እንጨትና ጭቃ

የጎጃም ባሕር ዛፍ ቅርብ ነው፣ የጤፍ ጭድ ሞልቷል፣ አፈሩ ከግቢ ይወጣል። በመነሻ ወጪ የሚደርስበት የለም። በሙቀትም ጥሩ ነው፤ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያስገባም። ለዋልካም የራሱ ጥቅም አለው። እንጨቱና ማገሩ ስለሚተጣጠፍ መሬቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ጭቃው ይሰነጠቃል እንጂ ግድግዳው አይሰበርም። ስንጥቁ በአንድ ባልዲ ጭቃ ይደፈናል።

ድክመቱ ምስጥና እርጥበት ነው። ሁለቱም የሚገቡት ቋሚው እንጨት መሬት ከሚገባበት ቦታ ነው። የተላጠ፣ በደንብ የደረቀ እንጨት ምረጡ። ትናንት የተቆረጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ጭቃውንም ይዞት ይላቀቃል። መሬት የሚገባው ክፍል በተቃጠለ ዘይት ይቀባል፤ አንዳንድ አናጺ ደግሞ በእሳት ያከስለዋል። ሁለቱም ይረዳሉ እንጂ ለዘላለም አይከላከሉም። ከዚያ የሚሻለው ቋሚውን ጭራሽ መሬት አለማስገባት ነው። የድንጋይ መሠረቱ ላይ አግዳሚ እንጨት በፌሮ ታስሮ ይቀመጥና ቋሚው በዚያ ላይ ይቆማል። እንጨቱ ደረቅ ሆኖ ይኖራል፣ ምስጡም ሲወጣ በዓይን ይታያል። አናጺያችሁ "እንዲህ አልተለመደም" ሊል ይችላል። ማዕዘኖቹንና የየግድግዳውን መሐል በሰያፍ እንጨት ካሰረው ይቆማል።

ጭቃው ከጭድ ጋር ተቀይጦ ለቀናት ይቦካል። በየቀኑ ይረገጣል፣ ውሃ ይጨመርበታል። ከዚያ ይመረጋል። የመጀመሪያው ምርግ ሙሉ በሙሉ ደርቆ፣ ስንጥቁን አውጥቶ ጨርሶ ነው ልስኑ የሚመጣው። የሚቸኩል ሰው እዚህ ይከስራል። ወቅቱ ከጥቅምት ማለቂያ እስከ ጥር ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ አዲስ ጭድ እየገባ ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት። በከተማችን ጭቃ ቤትን ከውጭ በሲሚንቶ መለሰን ፋሽን ሆኗል። ለአንድ ዓመት ብሎኬት ይመስላል። ግን ሲሚንቶ ጠጣር ነው፣ ጭቃ ደግሞ በክረምት ይሰፋል፣ በበጋ ይሰበሰባል። ሁለቱ አይያዙም። ልስኑ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ የገባው ውሃ ደግሞ በሲሚንቶው ታፍኖ መውጫ ያጣል። እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። የምታውቁት ልስኑ በሰሌዳ ሰሌዳ ሲወድቅ ነው። ለጭቃ ግድግዳ የሚስማማው የጭቃ ልስን ሆኖ በላዩ ኖራ ነው። ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ከመስቀል በኋላ መቀባት ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ የቤተሰብ ሥራ ነው። "የለም፣ ሲሚንቶ ካልሆነ" ካላችሁ እንጨቱ ላይ የሽቦ መረብ በምስማር ይጠበቅ፣ የታችኛው ግማሽ ሜትርም ድንጋይ ይሁን።

አንድ ነገር ግን አያከራክርም። ሻወርና መጸዳጃ ቤት በጭቃ ግድግዳ አይሠራም። ያንን ክፍል በብሎኬት ለይታችሁ ሥሩ።

## ብሎኬት

አሁን ባሕር ዳር ላይ በብዛት የሚሠራው ይኸው ነው፤ በተለይ በማኅበር ቤቶች። አርማታ ኮለን (ቋሚ ምሰሶ)፣ ግሬድ ቢም፣ ከበርና ከመስኮት በላይ ሊንቴል (አግዳሚ አርማታ)፣ መሐሉ በብሎኬት ይሞላል። በዝናብ ጥሩ ነው። ፎቅ ለማሰብ ያስችላል። በዙር ለሚሠራም ይመቻል፤ ኮለንና ጣሪያ ቆሞ ግድግዳው ክፍል በክፍል ሊሞላ ይችላል።

ብሎኬት 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ከፍታ አለው፤ ውፍረቱ 20፣ 15 ወይም 10 ነው። ለውጭ ግድግዳ 20፣ ለክፍልፋይ 15 ወይም 10 ይበቃል። ከሙቀትና ከድምፅ አንጻር በ10 ብሎኬት የውጭ ግድግዳ መሥራት ቁጠባ አይደለም፤ ሰርቪስ ቤት ላይ ሲሠራ አያለሁ፣ ተከራዩ ግን የጎረቤቱን ማንኮራፋት ሲሰማ ያድራል።

መጠኑን እንየው። ለአንድ ካሬ ሜትር 12 ተኩል ብሎኬት ይገባል። 4 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ 12 ካሬ ነው፤ 150 ብሎኬት። ለስብራት 5 በመቶ ጨምሩና 158 ገደማ በሉት። በር ወይም መስኮት ካለ ቀንሱ። ለመገንባት ወደ አንድ ተኩል ከረጢት ሲሚንቶ ይበላል፤ ከረጢቱ ባለ 50 ኪሎ ነው።

አሁን ልስኑን አስሉት። ሁለቱም ፊት 24 ካሬ ነው። ልስኑ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረውና አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ ቢቦካ ወደ ሦስት ተኩል ከረጢት ይሄዳል። አያችሁት? ልስኑ ከግንባታው በላይ ሲሚንቶ ይበላል። ግድግዳው ጠማማ ከሆነና ለማቃናት 4 ሳንቲ ሜትር መለሰን ካስፈለገ ሰባት ከረጢት ይሆናል። በእጅ ዋጋ ርካሽ የሆነውን ግንበኛ መርጣችሁ ያተረፋችሁት ብር ለሳኙ እጅ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ጥሩ ግንበኛ ያዙ። ቱምቢውንና ውሃ ልኩን ራሳችሁ ቆማችሁ እዩ፤ በየሦስት ረድፉ።

የብሎኬት ጥራት ሌላ ራስ ምታት ነው። ቀይ አሽ ከሚባለው የእሳተ ገሞራ ጠጠርና ከሲሚንቶ የሚሠራ ነው፤ ሲሚንቶው ሲቀነስበት ወይም ውሃ ሳይጠጣ ሲቀር በዓይን ቶሎ አይለይም። ማምረቻው ቦታ ሂዱ። ብሎኬቱ በጥላ ነው ያለው ወይስ ፀሐይ ላይ? ውሃ እየጠጣ ነው? ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይፈልጋል፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚይዘው 28 ቀን ሲሞላው ነው። በአውራ ጣት ጠርዙን ፈትጉት። አሸዋው የሚረግፍ ከሆነ ተዉት። ሁለቱን ስታጋጩ ድምፁ የደነቆረ ከሆነም ተዉት። ከተቻለ የተመረተበትን ቀን ጽፈው የሚያስቀምጡ ሰዎች ዘንድ ግዙ።

ለኮለንና ለቢም ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ)፣ ለግንባታና ለልስን ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ሲሚንቶ ይበቃል። ለልስን ኦፒሲ የሚጠቀም ብርቱ ልስን አገኘሁ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ያገኘው ብዙ ስንጥቅ ነው። አሸዋውን ፈትሹ። ግማሽ ጠርሙስ አሸዋ ላይ ውሃ ሞልታችሁ በደንብ አናውጡና አስቀምጡት። በነጋታው ከላይ የተኛውን የጭቃ ንብርብር ለኩ። ከአሸዋው 6 በመቶ ካለፈ ወይ ይታጠብ ወይ ይመለስ።

የብሎኬት ትልቁ ድክመት ዋልካ ላይ ነው። ጭቃ እንደሚያደርገው አይተጣጠፍም፣ ይሰበራል። ግሬድ ቢም የሌለው ብሎኬት ቤት ዋልካ ላይ መሥራት ገንዘብ መቅበር ነው። ያ ወጪ ኪሳችሁ ውስጥ ከሌለ፣ ደካማ ብሎኬት ቤት ከመሥራት ደህና ጭቃ ቤት መሥራት ይሻላል ባይ ነኝ። ብዙ ሰው በዚህ አይስማማም። ጎረቤት ምን ይላል የሚለው ነገር አለ።

## ድንጋይ

ጥቁሩ ድንጋይ በአካባቢው በብዛት አለ፣ ጥንካሬው አያጠያይቅም። ጢስ አባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በድንጋይና በኖራ ቆሟል። ታዲያ ለምን ሙሉ ቤት በድንጋይ አንሠራም?

ቦታ ስለሚበላ ነው። ከውጭ በ8 በ10 የሆነ ቤት አስቡ። በ20 ብሎኬት ከተሠራ የውጭ ግድግዳው ራሱ የሚይዘው 7 ካሬ ገደማ ነው። በ50 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ከተሠራ 17 ካሬ ይይዛል። ልዩነቱ 10 ካሬ ነው፤ አንድ መኝታ ቤት ማለት ነው። በጠባብ የማኅበር ቦታ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። በዚያ ላይ ክብደቱ ለዋልካ አይመችም፣ የእጅ ዋጋውም ውድ ነው። ድንጋይ ለመሠረት፣ ለግድግዳው የታችኛ ክፍልና ለአጥር ይሁን። ሰፊ ግቢ፣ ጠንካራ መሬትና ድንጋይ ከራሱ ይዞታ የሚያወጣ ሰው ግን ይሥራበት፤ ከቤት ሁሉ ቀዝቃዛው እሱ ነው።

## ሌሎቹ ባጭሩ

የሸክላ ጡብ ያምራል፣ ከውጭ ልስን አይፈልግም። ዋጋውን የሚወስነው የመኪናው ጭነት ነው፤ እስከ በራችሁ ድረስ ያለውን ዋጋ ሳትጠይቁ አትወስኑ። ቆርቆሮ ለዕቃ ቤትና ለጊዜያዊ ማብሰያ ይሁን። ሰው የሚያድርበት ከሆነ ቀን ይጋገራል፣ ሌሊት ይበርዳል። ጂፕሰም ቦርድና ቺፑድ ለውስጥ ክፍልፋይ ፈጣንና ቀላል ናቸው፤ ትልቅ ሳሎንን ለሁለት ለመክፈል፣ ፎቅ ላይ ክብደት ላለመጨመር። ከሻወርና ከኩሽና ግን ይራቁ። ከባድ ቁም ሳጥን ወይም ቴሌቪዥን የሚሰቀልበት ቦታ ካለ አስቀድማችሁ ለባለሙያው ንገሩት፤ ከውስጥ ማጠናከሪያ ይገባለታል።

## ማጠናቀቂያው

የኤሌክትሪክና የውሃ ቱቦ ከልስን በፊት ገብቶ ማለቅ አለበት። ከልስን በኋላ መቦርቦር ወጪውን ድጋሚ መክፈል ነው። ግድግዳው ይረጥብ፣ ቀጭን የሲሚንቶ ርጭት ይረጭበት፣ ከዚያ ይለሰን። ከዚያ በኋላ ለሳምንት በየቀኑ ውሃ ይጠጣ። በመጋቢት ፀሐይ የተለሰነ ግድግዳ ጠዋትና ማታ ውሃ ካላገኘ በትንንሽ ስንጥቅ ይሸፈናል፤ ያኔ ለሳኙን አትውቀሱ።

ቀለም ለመቀባት አትቸኩሉ። ልስኑ ቢያንስ አንድ ወር ይድረቅ። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ይነፋል፣ ይላጣል። ከተቻለማ አንድ ክረምት ማሳለፍ ነው። መሬቱ የሚሠራውን ይሥራ፣ ስንጥቁ ይውጣ፣ ያኔ ደፍናችሁ ስቱኮ (ከቀለም በፊት የሚቀባውን ማለስለሻ) አድርጉ። ገንዘብ ለሚያጥረው ሰው ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ መጠበቁ ራሱ ሥራ ነው። ውጪውን ግን ሳይለሰን አታክርሙት፤ ያልተለሰነ ብሎኬት ዝናብ ያሳልፋል።

ለውስጥ ስቱኮና ፕላስቲክ ቀለም ለሳሎንና ለመኝታ ይበቃል። ጂፕሰም በውጭ ግድግዳና ሻወር ውስጥ አይሠራም፤ ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ኮሪደርና የልጆች ክፍል የታችኛው አንድ ሜትር ተኩል ዘይት ቀለም ቢሆን ይታጠባል። ለውጭ ኳርትዝ የሚባለው ሻካራ ቀለም ጠንካራ ነው፣ ጥቃቅን ስንጥቅንም ይሸፍናል። ዋጋው ከፍ ይላል። ለሻወር ሴራሚክ ቢያንስ እስከ ሁለት ሜትር።

ስለ ዎል ፓነል አንድ ነገር። አሁን አሁን ከታች እርጥበት የያዘ ግድግዳ ላይ የፕላስቲክ ፓነል መለጠፍ ተለምዷል። ያምራል፣ ሽታው ግን ከኋላው ይቀራል። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደመጣ ፈልጉ። ደረቅ ግድግዳ ላይ ለጌጥ ከሆነ ምንም አይደል።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | ዋልካ ላይ | ዝናብና እርጥበት | ሙቀት | የመነሻ ወጪ | ጥገና |
|---|---|---|---|---|---|
| እንጨትና ጭቃ | ይተጣጠፋል፣ ጥሩ | እግሩ ከፍ ካለ ጥሩ፣ ካልሆነ ደካማ | በጣም ጥሩ | ዝቅተኛ | በየዓመቱ፣ ቀላል |
| ብሎኬት በኮለን | በግሬድ ቢም ብቻ | ጥሩ | መካከለኛ | ከፍተኛ፣ ግን በዙር ይሆናል | ጥቂት |
| ድንጋይ | ከባድ፣ ጠንካራ መሠረት ይፈልጋል | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ከፍተኛ፣ ቦታም ይበላል | የለም ማለት ይቻላል |
| የሸክላ ጡብ | እንደ ብሎኬት | ጥሩ | ጥሩ | በትራንስፖርት ይወሰናል | ጥቂት |
| ቆርቆሮ | ቀላል፣ ችግር የለም | ይዝጋል | መጥፎ | ዝቅተኛ | መካከለኛ |
| ጂፕሰም ቦርድ (ለውስጥ) | ቀላል፣ ችግር የለም | መጥፎ | መካከለኛ | መካከለኛ | ከተጎዳ ይቀየራል |

## ለማን የትኛው?

ብሩ ትንሽ ሆኖ የራሳችሁ ቤተሰብ የሚገባበት ከሆነ፣ ቦታውም እንደ ዘንዘልማ ወይም መሸንቲ ከተማው ዳር ሆኖ ጭቃ የሚፈቀድ ከሆነ፦ ጭቃ በድንጋይ እግር። ሻወሩ በብሎኬት። የተረፈውን ብር ጣሪያው ክንፍና አሸንዳው ላይ አውሉት።

በማኅበር ተደራጅታችሁ በየዓመቱ ትንሽ ለምትሠሩ፦ ብሎኬት። ቅደም ተከተሉ መሠረት፣ ኮለን፣ ጣሪያ፣ የውጭ ግድግዳ፣ የውጭ ልስን ይሁን። አንድ መኝታና ሻወር ጨርሳችሁ ግቡና ቀሪውን እየኖራችሁ ጨርሱ። ውስጡ ዓመት ቢቆይ ምንም አይሆንም።

ሰርቪስ አከራይታችሁ ገቢ ለምትፈልጉ፦ የውጩ 20፣ በክፍሎቹ መካከል 15 ብሎኬት። ስቱኮ አያስፈልግም፤ በደንብ የተለሰነ ግድግዳና ዘይት ቀለም ይበቃል። ተከራይ በተቀያየረ ቁጥር መልሶ መቀባት ይቀላል።

ነገ ፎቅ ለማውጣት የምታስቡ፦ ስለ ግድግዳ ከማውራታችሁ በፊት ኮለኑንና መሠረቱን መሐንዲስ ያስላው። "ለወደፊት ፌሮ እንተዋለን" ተብሎ ጣሪያ ላይ የሚተው የዛገ ብረት ፕላን አይደለም።

ለእንግዳ ማረፊያ ዘጌ ወይም ጢስ አባይ አካባቢ የምትሠሩ፦ ጭቃ፣ ሰፊ ክንፍና ኖራ። የሚቀዘቅዝ ክፍል ታገኛላችሁ፣ እንግዳውም ብሎኬት ለማየት አይደለም የመጣው።

ሐይቁ አጠገብ ውሃ የሚያቋጥር መሬት ላለው፦ የትኛውንም ብትመርጡ ወለሉን ከጉልበት በላይ አንሱት፤ ከበጀቱም መጀመሪያ የመሠረቱን ቆርጣችሁ አስቀምጡ።

ከባለሙያ ጋር ስትዋዋሉ ግንባታና ልስን በካሬ ቢሆን ይሻላል፤ በቀን ከተከፈለ ሥራው ይጎተታል። በካሬ ሲሆን ደግሞ ይሮጣል። ስለዚህ በውሉ ላይ የልስኑ ውፍረት፣ የሲሚንቶና የአሸዋው ልክ፣ ውሃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ ይጻፍ። በርና መስኮት ከካሬው ይቀነስ አይቀነስ ከወዲሁ ተነጋገሩ፤ ጠቡ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። የመጨረሻውን ክፍያ ደግሞ ቱምቢ ተጥሎ፣ ማዕዘኑ ተለክቶ፣ ማታ ባትሪ በጎን በኩል በርቶ ግድግዳው ከታየ በኋላ ስጡ። ቀን የማይታይ ጉብታ በጎን ብርሃን ይወጣል።